ላሜራው ያብረቀርቃል፣ ቱቦው ይሳሳል

የስኳር ፋብሪካ በክረምት ያርፋል። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጠነክር አገዳ ከማሳ ማውጣት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ወፍጮው ይቆማል፣ የቦይለሩ እሳት ይጠፋል፣ የጥገና ወቅት ይገባል። አዳማ አፍንጫ ሥር ባለው በወንጂም ሆነ በስተምሥራቅ ወረድ ብሎ ባለው በመተሐራ የሚሠሩ ሰዎች ዓመቱን የሚቆጥሩት በዚህ ነው። ለሂሳብ ክፍሉ ገቢ የሌለበት ወቅት ነው፤ ለመካኒኩ ሥራ የሚበዛበት። ከቦይለር ቤት ተነሥተው ወደ ማፍያ ክፍሎቹ ለተዘረጉት የእንፋሎት ቱቦዎች ግን በዓመት ውስጥ ከዚህ የከፋ ጊዜ የለም።

በአገራችን ስለ ቦይለርና ስለ እንፋሎት አደጋ ሲወራ የሚነሣው ግፊትና ሙቀት ነው። ሁለቱም መለኪያ አላቸው፤ ማኖሜትሩና ቴርሞሜትሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ይታያሉ። የማይታየው የቱቦው የራሱ ውፍረት ነው። ሙቀት እንዳይባክን ቱቦው በግላስ ዉል ወይም በሮክ ዉል፣ ማለትም ከመስታወት ወይም ከድንጋይ በተሠራ ቃጫ፣ ይጠቀለላል፣ ከላይ በአልሙኒየም ወይም በጋልቫናይዝድ ላሜራ ይለበሳል፣ በቪቴ ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ብረቱን ያየው ሰው አይኖርም። የሚታየው ላሜራው ብቻ ነው፤ ላሜራው ደግሞ በየዓመቱ በጨርቅ ሲወለወል ያብረቀርቃል። የማወራው ከላሜራው ሥር ስለሚደበቀው ዝገትና ላሜራው ሳይነሣ ስለሚያገኘው የማግኔት ሴንሰር ነው።

ዝገት ውሃና ኦክሲጂን ይፈልጋል። ቱቦው በሥራ ላይ እያለ ከ175 ዲግሪ በላይ ከሞቀ፣ ሾልኮ የገባ ጠብታ ሁሉ ወዲያው ተንኖ ይወጣል። አዳማ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 እና በ95 ዲግሪ መካከል ነው፤ ይህም መጠነኛ እፎይታ ነው። ችግሩ የሚመጣው እሳቱ ሲጠፋ ነው። ቱቦው ይቀዘቅዛል፣ ከላሜራው ሥር ያለው አየር ይኮማተራል፣ ክፍተቱ ሁሉ እርጥብ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፣ ከዚያ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ይከተላል። ቃጫው ውሃውን ጠጥቶ፣ ዝናብ እንደመታው ጋቢ ብረቱ ላይ ተለጥፎ ይከርማል። መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ እሳቱ እንደገና ሲለኮስ፣ ረጥቦ የቆየው ነገር ሁሉ መድረቅ እስኪጀምር ድረስ ቱቦው እርጥብም ሙቅም ሆኖ ይቆያል። ዝገት የሚወደው ይህንኑ ነው።

በዘርፉ ብዙ የሚጠቀሰው የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት መመሪያ፣ ኤፒአይ 583፣ ለተራ የካርቦን ብረት የአደጋውን ክልል ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ እስከ 175 ዲግሪ ያደርገዋል። ሰፊ ነው፤ ከሞላ ጎደል በፋብሪካ ውስጥ ያለውን የሙቅ ውሃ፣ የጭማቂ፣ የኮንደንሴት (ተመልሶ ውሃ የሆነ እንፋሎት) እና የዝቅተኛ ግፊት እንፋሎት መስመር ሁሉ ይነካል። ከዚያ ክልል በላይ በጣም ሞቆ የሚሠራ መስመርም ነፃ አይደለም፤ በዓመት ውስጥ ለወራት የሚቆም ከሆነ በእነዚያ ወራት ተመልሶ ክልሉ ውስጥ ይገባል። መመሪያው በተለይ የሚያስጠነቅቀው እየሞቀና እየቀዘቀዘ ስለሚሠራ መስመር ነው። ይህን ሳነብ የስኳር ፋብሪካ የዓመት ዑደት በሌላ አነጋገር የተጻፈ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ መሐንዲሶችን ያሳስታል። ክፍት በሆነ ታንክ ውስጥ ውሃ ሲሞቅ ዝገት ይፋጠናል፤ ነገር ግን ከ80 ዲግሪ ገደማ በኋላ ኦክሲጂኑ ከውሃው እየወጣ ስለሚሄድ ፍጥነቱ መውረድ ይጀምራል። ይህን ትምህርት ቤት የተማረ ሰው «የኛ ቱቦ በጣም ስለሚሞቅ አይዝግም» ብሎ ይጽናናል። ከላሜራ ሥር የታፈነ ውሃ ግን እንደ ክፍት ታንክ አይደለም። ኦክሲጂኑ የሚሸሽበት መንገድ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ውሃው እስካለ ድረስ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ዝገቱም እየጨመረ ይሄዳል። በላዩ ላይ ውሃው ደጋግሞ ሲተንን የሚተወው ጨው፣ ከቃጫው ውስጥ የሚሟሟው ክሎራይድም ጭምር፣ እየተከማቸ ይሄዳል። ከሥር የተቀባው ቀለም ተራ አንቲረስት ከሆነ ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜም እሱ ነው፣ እንዲህ ላለ ሙቅ እርጥበት የተሠራ አይደለምና ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት በላይ አይጠቅምም።

የዝገቱ ቦታ በዘፈቀደ አይደለም። የተጠቀለለ ቱቦ ተከፍቶ ያየ ሰው የሚያስታውሰው ከታች ያለውን ሆዱን ነው፤ ውሃ ወርዶ የሚቆመው እዚያ ስለሆነ። ቱቦው በሚታጠፍበት ክርን ላይ የላሜራው ቁርጥራጮች ብዙ ናቸው፣ መገጣጠሚያውም ብዙ ነው፣ መገጣጠሚያውን የሚደፍነው ሲሊከን በፀሐይ ተሰነጣጥቋል። ቱቦው ድጋፍ ላይ ባረፈበት፣ ቫልቭና ፍላንጅ (የቱቦ መገጣጠሚያ ቀለበት) ባለበት፣ ቀጥ ብሎ የወረደ ቱቦ ግርጌ ላይ፣ ጥቅም ላይ መዋል አቁሞ ጫፉ የተዘጋ ቅርንጫፍ ላይም እንዲሁ ነው። እዚያ ላሜራው ሲነሣ ቃጫው ቡናማ ሆኖ፣ ብረቱ ላይ የወፈረ ቅርፊት ተጋግሮ ይገኛል። ቅርፊቱ ያሳስታል፤ ዝገት ከበላው ብረት ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ቱቦው ሳስቶ ሳለ ወፍሮ ይታያል። በመዶሻ ነካ ሲያደርጉት በንጣፍ በንጣፉ ይረግፋል፤ እውነተኛው ብረት የሚገኘው ከዚያ በታች ነው።

የአዳማ ነፋስም ድርሻ ያለው ይመስለኛል። ከተማዋን ከበው የቆሙት የነፋስ ማመንጫዎች፣ የመጀመሪያው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ሆነው የተተከሉት፣ እዚህ ነፋስ ስለማይጠፋ ነው። ይኸው ነፋስ በበጋው ወራት ሁሉ በጣሪያ ላይና በቱቦ ድልድይ ላይ ያለውን ላሜራ ሲያርገበግብ ይከርማል፤ የላላ ቪቴ ቀዳዳውን እያሰፋ ይሄዳል። ዝናቡ ሲመጣ በሩ ተከፍቶ ይጠብቀዋል።

ቱቦ ሲሳሳ ምን እንደሚከተል የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 2004 በጃፓን ሚሃማ የኑክሌር ማመንጫ፣ ከኑክሌር ክፍሉ ውጭ ያለ፣ በሙቀት መከላከያ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ቱቦ ፈነዳ። አምስት ሠራተኞች ሞቱ፣ ስድስት ተጎዱ። ቱቦው ሲተከል 10 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ነበረው፤ በፈነዳበት ቦታ የቀረው ከ1.5 ሚሊ ሜትር አይበልጥም ነበር። ማመንጫው ሥራ ከጀመረበት ከ1976 ጀምሮ ያ ነጥብ አንድም ጊዜ አልተለካም፤ ከሚመረመሩት ነጥቦች ዝርዝር ውስጥ ተዘሎ ነበር። እዚያ ብረቱን የበላው ከውጭ የገባ ዝናብ ሳይሆን በውስጥ የሚፈስ ውሃ ነው፤ ስለዚህ ከኛ ጉዳይ ጋር መቶ በመቶ አንድ አይደለም። ነገር ግን ለሠራተኛው ልዩነት የለውም። ከጥቅሉ ሥር ያለው ብረት ምን ያህል እንደቀረ ያወቀ ሰው አልነበረም፤ ጃፓን ውስጥ፣ በኑክሌር ማመንጫ ውስጥ።

እስካሁን የተለመደው መፍትሔ ላሜራውን አውልቆ ማየት ነው። እርግጠኛ ነው፤ ዓይንን የሚተካ የለም። ዋጋው ግን ከባድ ነው። መወጣጫ ይቆማል፣ ላሜራው ይነሣል፣ ቃጫው ይጣላል፣ ብረቱ ይፋቃል፣ ይለካል፣ እንደገና ይጠቀለላል። ከተከፈተው መስመር አብዛኛው ጤነኛ ሆኖ ይገኛል፤ ማለትም አብዛኛው ወጪ ምንም ያልሆነን ቱቦ ለማየት ይወጣል። ወጪን ለመቀነስ ሲባል በየተወሰነው ርቀት ትንሽ መስኮት ቆርጦ በአልትራሳውንድ መለካትም አለ። የዚህ ጉዱ ሁለት ነው፤ አልትራሳውንዱ የሚያየው መስኮቱ ያለበትን ነጥብ ብቻ ነው፣ መስኮቱ ራሱም ክዳኑ በጠፋ ቀን የዝናብ መግቢያ ይሆናል። በራጅ ማየትም ይቻላል፤ ነገር ግን የራዲዮአክቲቭ ምንጭ ይዞ መንቀሳቀስ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ሠራተኛውም ከአካባቢው መራቅ አለበት።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ይህ ሁሉ የሚደረግበት ወቅት ነው። ፋብሪካው የሚቆመው በክረምት ስለሆነ ላሜራ የሚወልቀውም በክረምት ነው። ደረቅ የነበረ ቃጫ በሐምሌ ዝናብ ተገልጦ ያድራል፣ ረጥቦ መልሶ ይጠቀለላል፣ ላሜራው በላዩ ይታሰራል። ለምርመራ የተደረገው ሥራ በሽታውን ተክሎ ይወጣል።

የማግኔት ሴንሰር እዚህ ላይ ይገባል። ዘዴው ፐልስድ ኤዲ ከረንት ይባላል፤ ሐሳቡ ቀላል ነው። ከላሜራው ውጭ፣ ላሜራው ሳይነካ፣ የሽቦ ጥቅል ይቀመጣል። በሽቦው ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ የሚፈጠረው የማግኔት መስክ አልሙኒየሙንና ቃጫውን አልፎ ብረቱ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ኤሌክትሪኩ በድንገት ይቋረጣል። መስኩ ሲጠፋ፣ ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባሳየው ሕግ መሠረት፣ በብረቱ ውስጥ የሚሽከረከር ከረንት ይነሣል። ይህ ከረንት መጀመሪያ በብረቱ ውጫዊ ገጽ ላይ ነው፤ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ እየደከመ ይሄዳል። ሌላኛው ገጽ ላይ ሲደርስ የሚሄድበት ብረት ስለሚያልቅ ድክመቱ በአንድ ጊዜ ይፋጠናል። ከላይ ያለው ሴንሰር የከረንቱን ማግኔት እየተከታተለ ያ መታጠፊያ የመጣበትን ቅጽበት ይይዛል። መታጠፊያው ቶሎ ከመጣ ብረቱ ሳስቷል፤ ዘግይቶ ከመጣ ወፍራም ነው።

ጊዜው የሚለካው በሚሊ ሰከንዶች ነው፤ ግን ከውፍረቱ ጋር ያለው ዝምድና ለመርማሪው ያደላል። ጊዜው የሚያድገው በውፍረቱ ካሬ ልክ ስለሆነ፣ 8 ሚሊ ሜትር የነበረ ቱቦ 6 ሚሊ ሜትር ቢቀርለት ጊዜው ወደ 56 በመቶ ይወርዳል። ብረቱ ሩብ ሲያጣ ጊዜው ወደ ግማሽ የሚጠጋ ያጣል ማለት ነው። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ቅርፊትም ይህን መሣሪያ አያታልለውም፤ ዝገት እንደ ብረት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና በሽክርክሪቱ ውስጥ ድርሻ የለውም። መሣሪያው የሚቆጥረው የቀረውን ብረት ነው። ውስጡ ይበላ ውጪው ግን መለየት አይችልም፤ ለሚሃማ ዓይነቱ ጉዳይ ይህ ጉድለት ሳይሆን ጥቅም ነበር።

ሐሳቡ ከፋብሪካ አልተወለደም። ማዕድን ፈላጊዎች መሬት ላይ ሰፊ የሽቦ ቀለበት ዘርግተው፣ ከረንት ለቅቀው፣ ድንገት ቆርጠው፣ ከምድር የሚመለሰውን የማግኔት ምልክት ሲያዳምጡ ቆይተዋል። የእንፋሎት ኃይል ፈላጊዎችም ይህንኑ ይጠቀማሉ፤ በስምጥ ሸለቆ እንደ አሉቶ ባሉ ሥፍራዎች የሚሠሩ የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች ዘዴው እንግዳቸው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አርኮ የተባለው የአሜሪካ ነዳጅ ኩባንያ ይህን ከምድር ወደ ቱቦ አመጣው፤ በ1990ዎቹ ደግሞ ሮተርዳም ያለ የምርመራ ድርጅት ለፋብሪካ የሚሆን መሣሪያ አድርጎ አወጣው። ዛሬ የራሱ ዓለም አቀፍ ደረጃ አለው፤ አይኤስኦ 20669፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ።

በቅርብ ዓመታት አዲሱ ነገር ሴንሰሩ ነው። ድሮ ምልክቱን የሚቀበለው ሌላ የሽቦ ጥቅል ነበር፤ ጥቅል ሽቦ የሚሰማው የመስኩን የለውጥ ፍጥነት ስለሆነ ምልክቱ ደክሞ ሲዘገይ ይሰንፋል። አሁን መስኩን ራሱን የሚለኩ ትንንሽ ሴንሰሮች አሉ። የሆል ሴንሰር አንዱ ነው፣ ክስተቱ እ.ኤ.አ. ከ1879 ጀምሮ የሚታወቅ። ሌላው እ.ኤ.አ. በ1988 የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ፌርና ግሩንበርግ ለየብቻ ያገኙት፣ በ2007 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ግዙፍ የማግኔት መቋቋም ክስተት ነው፣ ማለትም ማግኔት ሲቀርብ ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅም በእጅጉ መለወጡ፤ የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ማንበቢያዎች ለዓመታት የሠሩት በእሱ ነው። እነዚህ እንደ ሩዝ ፍሬ ያነሱ ስለሆኑ ብዙዎቹን ጎን ለጎን ደርድሮ በአንድ ጊዜ ሰፋ ያለ የቱቦ ገጽ ማንበብ ይቻላል። ዋጋቸውም ርካሽ ነው። በእጃችን ያለው ስልክ ኮምፓሱን የሚያሳየን የዚህ ዘመድ በሆነ ሴንሰር ነው። (በስልክ ኮምፓስ ቱቦ እመረምራለሁ የሚል ሰው ግን አይመነው። የምድር ማግኔት ራሱ በኛ አካባቢ ደካማ ነው፣ 36 ማይክሮ ቴስላ ገደማ። ከረንት ሳይለቁ የብረቱን የራሱን ማግኔት ብቻ እያነበቡ ዝገት እናገኛለን የሚሉ መሣሪያዎች በገበያ ላይ አሉ፤ በባለሙያዎች ዘንድ ገና ክርክር ያላለቀባቸው ናቸውና ፋብሪካ ገንዘቡን ቢያቆይ ይሻላል።)

አሁን ወደ ድክመቱ። ሻጮች ቶሎ የሚያልፉት እዚህ ላይ ነው፤ እኔ እቆያለሁ።

መሣሪያው የሚሰጠው ቁጥር አማካይ ነው። ከብረቱ በራቀ ቁጥር የሚያየው ክብ ይሰፋል፤ ላሜራውና ቃጫው አንድ ላይ 100 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ የሚያነበው ክብ ከዚያ ያላነሰ ነው። 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ አለ እንበል፣ ጉድጓዱም ቱቦውን በስቶ ወጥቷል። የጉድጓዱ ስፋት ከክቡ 4 በመቶ ብቻ ነው። ቱቦው ተበስቶ፣ መሣሪያው 96 በመቶ ብረት አለ ይላል። 96 በመቶ ደግሞ በማንኛውም ሪፖርት ላይ በአረንጓዴ ይቀባል። ስለዚህ ሰፋ ብሎ ለሚበላ ዝገት ጥሩ ነው፤ ለመርፌ ቀዳዳ ዕውር ነው። ከጥቅል ሥር የሚነሣው የካርቦን ብረት ዝገት በአብዛኛው ሰፋ ብሎ የሚበላ መሆኑ ዕድላችን ነው። ጠበብ ብሎ የሚወጋ ዝገት በሚጠበቅበት መስመር ግን ይህን መሣሪያ ብቻ ይዞ መቅረብ ራስን ማታለል ነው።

ሁለተኛ፣ ንባቡ አንጻራዊ ነው። መታጠፊያው የሚመጣበት ጊዜ በውፍረቱ ብቻ ሳይሆን በብረቱ የማግኔት ጠባይም ይወሰናል፤ የብረቱ ጠባይ ደግሞ ከቱቦ ቱቦ ይለያያል። ስለዚህ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ቢያንስ አንድ ቦታ ከፍቶ በአልትራሳውንድ ለክቶ ማመሳከር ያስፈልጋል። ይህን ያልሠራ ኮንትራክተር የሚያቀርበው ባለቀለም ካርታ ከጌጥ አያልፍም።

ሦስተኛው የኛ የራሳችን ነው፤ ላሜራው። አልሙኒየምና ስቴንለስ ስቲል ለማግኔት መስኩ ብዙም አያስቸግሩትም። ጋልቫናይዝድ ላሜራ ግን ራሱ ብረት ነው፤ መስኩን ከቱቦው በፊት ይውጠዋል። ማስተካከያ ያላቸው መሣሪያዎች አሉ፣ ሆኖም ንባቡ ይደክማል። ጋልቫናይዝድ ደግሞ በርካሽነቱ የሚመረጥ ነው። ቃጫውን ለማሰር የሚጠቀለለው የሽቦ መረብም ንባቡን ያውካል። ፍላንጅ፣ ቫልቭ፣ ድጋፍ ብረት አጠገብም እንዲሁ፤ ብረት ሲበዛ የማን ብረት እንደሆነ ይጠፋዋል። እነዚህ ደግሞ ቀደም ሲል ዝገት ይወዳቸዋል ካልኳቸው ቦታዎች ውስጥ ናቸው። ቀጫጭን ቱቦዎችም ያስቸግሩታል።

ይህ ሁሉ ተብሎ መሣሪያው አንድ የማይተካ ጠባይ ይቀረዋል፤ ቱቦው ሲሠራ፣ ሞቆ፣ እንፋሎት እያለፈበት መለካት ይችላል። ሴንሰሩ ከላሜራው ውጭ ነውና ብረቱ 150 ዲግሪ ይሁን 300 ለእሱ ብዙ አያስጨንቀውም። ለአዳማ ዙሪያ ፋብሪካዎች የማግኔት ሴንሰር ዋናው ትርፍ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ «ላሜራ ሳይነሣ» ከሚለው ማስታወቂያ ይበልጣል። ምርመራውን ከክረምት ያላቅቀዋል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ ፋብሪካው እየሠራ፣ ሁሉም ነገር ደርቆ፣ መወጣጫው ሳይንሸራተት መስመሩን በሙሉ መዞር ይቻላል። ከዚያ እሳቱ ሲጠፋ የሚከፈተው አጠራጣሪ ሆኖ የተገኘው ክፍል ብቻ ነው፤ እሱም በሸራ ተከልሎ። የቀረው እንደተዘጋ ክረምቱን ያሳልፋል። የሚለወጠው ቱቦ ልክም በግንቦት ስለሚታወቅ ለግዢ ጊዜ ይገኛል።

ግዢ ካልኩ አይቀር፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ስፌት አልባ የእንፋሎት ቱቦ ዋጋ በብር ሲታሰብ ምን ያህል እንደወጣ መናገር አያስፈልግም፤ ከውሳኔው በፊት በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። «ለማንኛውም እንቀይረው» እየተባለ ጤነኛ ቱቦ የሚጣልበት ዘመን አልፏል። «ለማንኛውም አንድ ዓመት ይቆይ» የሚለው ደግሞ ቀድሞም አደገኛ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ማወቅ ነው፤ ማወቅ አሁን ከቱቦው ረክሷል።

መሣሪያው ግን ለአንድ ፋብሪካ ውድ ነው፣ በዓመት የሚሠራውም ጥቂት ሳምንት ነው። ሞጆ ያለ ቆዳ ፋብሪካ፣ አዳማ ያለ የሳሙና ወይም የዘይት ፋብሪካ፣ ቦይለር ያለው ሆስፒታልና ትልቅ ሆቴል፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የልብስ መተኮሻ እንፋሎት የሚጠቀሙ ድርጅቶች እያንዳንዳቸው ይግዙ ማለት ቀልድ ነው። በጋራ የሚያዝ፣ እየተከራየ የሚዞር አገልግሎት ነው የሚያዋጣው። ቦታው የት ነው ብባል አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲን እጠቁማለሁ። ኤሌክትሮኒክስም ሜካኒካልም የማቴሪያል ሳይንስም በአንድ ግቢ አለው፤ ፋብሪካዎቹ በቅርብ ርቀት ናቸው። ሴንሰሩ ርካሽ ስለሆነ፣ የተማሪ መመረቂያ ሥራ ሆኖ የሚጀመር ነገርም ነው፤ የሚከብደው ንባቡን የመተርጎም ልምድ ነው፣ እሱ ደግሞ ቱቦ እየከፈቱ ከማነጻጸር ውጪ የሚገኝበት መንገድ የለም። እዚህ ላይ ስጋቴን አልደብቅም፤ በአገራችን መሣሪያ ገዝቶ በሣጥኑ ማስቀመጥ ይቀናናል። ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ የሚያድር ከሆነ ባይገዛ ይሻላል።

ገንዘቡ ለጊዜው የማይገኝ ከሆነም እጅን አጣምሮ መቀመጥ አያስፈልግም። በማግኔት ፋንታ በሙቀት ካሜራ መጀመር ይቻላል። ደረቅ ግላስ ዉል ሙቀትን የሚያሳልፈው በጣም በጥቂቱ ነው፤ ውሃ ከእሱ 15 እጥፍ ያህል ያሳልፋል። ስለዚህ ቃጫው የረጠበበት ቦታ በካሜራው ላይ ደምቆ ይወጣል። ይህ ውሃው የት እንዳለ ይናገራል፤ ብረቱ ምን ያህል እንደተበላ አይናገርም። ግን ውሃ ያለበትን ቦታ ማወቅ የምርመራው ግማሽ ነው፤ በዚያው ልክ በቦይለሩ ነዳጅ ላይ የሚባክነውንም ያሳያል፤ ይህኛው ክርክር ለሥራ አስኪያጆች ከዝገት ይልቅ ቶሎ ይገባቸዋል። ከካሜራውም በፊት በሲሊከን ሽጉጥና በአዲስ ቪቴ ላሜራውን እየዞሩ መድፈን አለ፤ በግንቦት አንድ ሰው በሳምንት የሚሠራው፣ ማንም የማይመሰገንበት ሥራ ነው።

ወደፊት የሚዘረጉ አዲስ መስመሮች ላይ ደግሞ ነገሩ ይቀላል። የቱቦ ጥቅል ውል ሲጻፍ ሦስት መስመር መጨመር ነው፤ ላሜራው አልሙኒየም ይሁን፣ ከሥሩ የሚቀባው ሙቀትና እርጥበት አብረው የሚችል የኢፖክሲ ፌኖሊክ ዓይነት ቀለም ወይም የተረጨ አልሙኒየም ይሁን፣ መስመሩ ሥራ ሳይጀምር የየክርኑና የየድጋፉ ውፍረት ተለክቶ ለባለንብረቱ በጽሑፍ ይረከብ። ሦስተኛው ዛሬ ብዙም አያስወጣም፤ ቱቦው ገና ራቁቱን ነው፣ አልትራሳውንድ የያዘ አንድ ቴክኒሻን በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። ከተጠቀለለ በኋላ ግን ያንን ቁጥር በምንም ዋጋ መልሶ ማግኘት አይቻልም፤ ጨረታ የሚያወጡ ድርጅቶች ለምን እንደማይጠይቁት ሁልጊዜ ይገርመኛል።